በቁሜ መርዶዬን ለነገሩት የእድራችን ሊቀመንበር

ኖቬምበር 2012
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለተከበሩ አቶ ኃይለልዑል መንገሻ
የጥላ ለወገን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ በሕይወት በመገኘቴ የቀረበብኝን ክስ ይመለከታል

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለማንኛውም ጥሪ ፈጥና ለምትነሣው የእጅ ስልክዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ስኳርዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ለመጪው እሑድ በጠሩት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሙሉ ጤና ተገኝተው፣ ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው እንዲሰሙት ከልቤ ስለምፈልግ ነው። እኔም፣ ምንም እንኳ የእድሩ ቃለ ጉባኤ ሌላ ቢልም፣ ደህና ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ብረት ገብቶልኛል። ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዝሻል ብለውኛል፤ በጠዘጠዘኝ ቁጥር እርስዎን አነሣለሁ።

በጸሐፊያችን በአቶ ሥዩም እጅ የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ በክብር ደርሶኛል። በማስጠንቀቂያው እንደተገለጸው፣ ሴት ልጅ ሆኜ ብቻዬን ተራራ በመውጣት፣ የእድሩን ሽማግሌዎች ያለ አግባብ በማንከራተትና፣ ቃል በቃል ልጥቀሰውና፣ «በሕይወት መኖሬን አስቀድሜ ለጽሕፈት ቤቱ ሳላሳውቅ ሐዘን ቤት በመግባት» የእድሩን ክብር አጉድፌያለሁ። ስለዚህ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ እርስዎን በስምዎ ጠርቼ ይቅርታ ካልጠየቅሁ ከአባልነት እሰረዛለሁ። እኔ ስሰረዝ ደግሞ በእኔ ስም የተመዘገበችው እናቴ ወይዘሮ ብርሃነሽ አብራኝ ትሰረዛለች።

እናቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአረጋውያን አፓርትመንት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። በዚህ አገር የምትፈራው በረዶውን አይደለም፣ አሳንሰሩንም አይደለም፤ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሳይሰበሰብላት፣ የሚያለቅስላት ወገን ሳይኖር መቀበር። የእድሩን መታወቂያ ካርድ ከመድኃኒቷ ጋር ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች። ይህን እርስዎ በደንብ ያውቃሉ፤ ቤቷ ሲመጡ ካርዷን አውጥታ ስንቴ አሳይታዎታለች። እጄን በዚያ በኩል ለመጠምዘዝ ስላሰቡበት አደንቅዎታለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኙም ነበር።

መልሴን በግል መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን መርዶዬ የተነገረው በአደባባይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬም በአደባባይ ቢሆን ይሻላል ብዬ በየሱቁ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ነገሩን ያልሰማ አንባቢ ቢኖር እንዳይቸገር ከመጀመሪያው ልነሣ።

በሳምንት አምስት ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ሙሉ አውቶቡስ ልጅ ሲጮህበት የሚሰነብት ጆሮ ቅዳሜ ቀን ጸጥታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሼናንዶዋ ነድቼ ተራራውን ብቻዬን እወጣለሁ። ይህንን በተመለከተ በወገኖቼ ዘንድ ብዙ ጥናት ተካሂዷል። «ባሏ ከሄደ ወዲህ ዲፕሬሽን ይዟት ነው» ያሉ አሉ፤ ባሌን በር ከፍቼ የሸኘሁት እኔ መሆኔ ተረስቶ። «ጠበል አግኝታ ደብቃን ነው» ያሉም አሉ። እኔ ግን የምሄደው ልራመድ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

ተራራው ላይ ስልክ ስለማይሠራ፣ ብቻዬን የምሄድ ሰው ነኝና፣ አንዲት ብርቱካናማ መሣሪያ ገዛሁ። መዳፍ የምታክል ናት፤ መልእክቷን በሳተላይት ትልካለች። መላክ እንጂ መቀበል አትችልም። አንደኛውን ቁልፍ ስጫን «ደህና ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው» የሚል መልእክት ከነቦታው ቁጥር አስቀድሜ ለመረጥኩት ሰው ስልክ ይደርሳል። ክዳን ያለውን ቀዩን ቁልፍ ስጫን ደግሞ ቀን ከሌት ሰው የማይለየው የነፍስ አድን ጥሪ ማዕከል ይሰማል። መሣሪያዋ እኔን መልሳ ልታነጋግረኝ ስለማትችል፣ ማዕከሉ ለዚያው ለመረጥኩት ሰው ደውሎ «ይህች ሴት በእርግጥ ዛሬ ተራራ ላይ ናት?» ብሎ ያጣራል።

ያ ሰው እርስዎ ነበሩ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እርስዎ ግን የእድሩ ካርድ ጀርባ ላይ ስልክዎ «በማንኛውም ሰዓት» ከሚል ቃል ጋር ታትሟል። ስሞት የሚሰበስብልኝ ሰው ሳልሞትም ቢደርስልኝ ምን ይለዋል ብዬ አሰብኩ። ከስብሰባ በኋላ መሣሪያዋን አሳይቼ፣ ቁልፎቿን አንድ በአንድ አስረድቼ ፈቃድዎን ጠየቅሁ። እርስዎም ወደ መኪናዎ እየሄዱ «ምን ችግር አለው ዓለሜ፣ ፑት ማይ ኔም። እኔ ትዌንቲ ፎር አወር አቬይለብል ነኝ» አሉኝ። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

፩. ሁለት ዓመት ሙሉ ከየተራራው አናት የላክሁልዎትን የ«ደህና ነኝ» መልእክት ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። አንዱንም እንዳላነበቡት በኋላ ነው የሰማሁት። እንግሊዝኛና ረጃጅም ቁጥር ስለበዛበት የስልክ ካርድ ማስታወቂያ መስሎዎት፣ «ይቺ ነገር አስቸገረችኝ፣ ብሎክ አድርግልኝ» ብለው ያዘጉት አቶ ሥዩምን ነው፤ የነገረኝም እሱ ነው። ያ ቁጥር እኔ የቆምኩበት ቦታ ነበር። እኔማ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ብርቱካን እየላጥኩ፣ አንድ ትልቅ ሰው አሁን የት እንዳለሁ ያውቃል እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ደስታ ያለ እርስዎ ስለማይገኝ ከውለታዎ ቆጥሬዋለሁ።

፪. ስልኩን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። በአንድ የኦክቶበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱን ቅጠል ሸፍኖት ሳለ፣ እርጥብ ድንጋይ አዳለጠኝና ወደቅሁ። አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። መንገደኛ የማይበዛበት ጎን ነበር፤ ብጣራ የሚሰማኝ አልነበረም፣ ብነሣ እግሬ አልቆም አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩና በሙሉ ልቤ «አሁን አቶ ኃይለልዑል ጋ ይደወላል» ብዬ ግንዱን ተደገፍኩ። በእውነትም ተደወለልዎት። በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሡት፤ ማዕከሉ ይህን ሳያደንቅ አላለፈም።

የማዕከሉ ሰው የአደጋ ጥሪ ማሰማቴን ነግሮዎት፣ ዛሬ ተራራ ላይ መሆኔን እንዲያረጋግጡለት ጠየቀዎት። ካላወቁ «አላውቅም፣ ፈልጓት» ማለት በቂ ነበር። ነገር ግን እርስዎ በመርዶ ሥራ የሸበቱ ሰው ነዎት። ክፉ ወሬ በስልክ እንደማይነገር፣ ለባዕድ እንደማይነገር፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጥቁር ተለብሶ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ እንደሚነገር፣ እስከዚያም ድረስ ለጠየቀ ሁሉ «ደህና ናት» እንደሚባል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ድምፅዎን አሳምረው «ኖ፣ ኖ፣ ሺ ኢዝ ፋይን። ሺ ኢዝ አት ሆም። ኖ ፕሮብሌም፣ ጋድ ብሌስ ዩ» አሉት። ሰውየው ደግሞ ቢጠይቅዎት፣ ልጆቿ ቁልፉን ነክተውት ይሆናል ብለው ጨመሩለት። ልጅ የለኝም። ያው ለማጣፈጫ ነው ብዬ ተረድቼዋለሁ።

ሊያድኑኝ ለተነሡት ሰዎች ደህና ናት ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ወዲያው ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ደውለው ሞታለች አሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ፤ ሳነበው ራሴ አላምነው እያልኩ። ሞታለች ብሎ የነገረዎት ማንም አልነበረም። ከፈረንጅ አፍ «ኢመርጀንሲ» የሚል ቃል ከስሜ ጋር ሲወጣ ስለሰሙ፣ የቀረውን ከልምድ ሞሉት። መርዶን ደብቆ ማሳደር ለሐዘንተኛ የተሠራ ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነፍስ ከሚያድን ሰው መደበቅን ግን ያስገኙት እርስዎ ነዎት፤ ስምዎ በዚህ ሲነሣ ይኖራል።

የፍለጋው ሰዎች በቃልዎ ተማምነው ተመለሱ። የዚያን ሌሊት ነገር አልተርክልዎትም፤ እርስዎም የሐዘን ኮሚቴ ሰብስበው ሥራ ላይ ስለነበሩ ጊዜዎን አልሻማም። ብቻ ቁልፉን ስጫን ነጋ። ጠዋት አንዲት ሬንጀር፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ከመኪና ማቆሚያው ያደረችውን አሮጌ ኮሮላዬን አየች፣ የጥሪው ምልክት ከአንድ ቦታ ሳያቋርጥ መምጣቱን አየች፣ ከዚያም ለባልደረቦቿ «ሶፋዋ ተራራ ጎን ላይ ካልሆነ በቀር ይቺ ሴት ቤቷ አይደለችም» ብላ ቃሬዛ አስይዛ መጣች። ስሜን ሦስት ጊዜ ሞክራ ሊሆንላት ስላልቻለ «ሃኒ» እያለች ነው ያወረደችኝ። የማታውቀኝ ሴት ናት። የእርስዎን ቃል አላመነችም፤ በዚህ ተረፍኩ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቋርጥ። ከሆስፒታል አልጋዬ ላይ እናቴ ጋ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ሐዘንተኛ ስልክ እንደሚቀማ እንዴት ትዝ ይበለኝ? አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው ወዳጄ በፈቃዱ ጋ ደወልኩ፤ ድምፄን ሲሰማ ዘጋብኝ። ደግሜ ብደውል «እህቴ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። በሰው ሐዘን ግን አይቀለድም፤ አሁን ዓለሜን አልቅሰንላት መውጣታችን ነው» አለኝ። እኔ ነኝ፣ ናና ውሰደኝ ስለው «የት… የት ድረስ ነው የምመጣው?» አለኝ። ሰማይ ቤት ድረስ መንዳት ያለበት መስሎት እንደነበር መንገድ ላይ ነገረኝ። እየሳቀም እያለቀሰም ነበር የሚነዳው፤ እኔም የአሟሟቴን ዝርዝር የሰማሁት በዚያ ታክሲ ውስጥ ነው።

፫. ለእናቴ ያደረጉላትን አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። እሑድ ገና ሳይነጋ ተደርድራችሁ በሯን አንኳኳችሁ። ጥቁር ልብሳችሁን ስታይ ነገሩ ገባት፤ የጠየቀችው «ማንን?» ብላ ብቻ ነው። እርስዎም ዓለሜን ነው አሏት። አስከሬኔ የት እንዳለ ብትጠይቅ «ፕሮሰስ ላይ ነው እናቴ፣ ሬንጀሮቹ ጋ ነው፣ እኛ እንከታተላለን» አሏት። እኔ በዚያ ሰዓት ግንዱ ሥር ተቀምጬ ቁልፍ እየተጫንኩ ነበር። እናቴ ጸጉሯን ተላጨች። ፊቷን ቧጨረችው። ጎረቤቶቿ ጩኸቷን ሰምተው አምቡላንስ ጠሩላት፤ እርስዎ ግን እንግሊዝኛ ስለሚችሉ በሩ ላይ ቆመው «ኖ ፕሮብሌም፣ ሺ ኢዝ ፋይን» ብለው አምቡላንሱን መለሱላት።

እዚህ ላይ ጨዋነቱ ለአንድ አፍታ ይቅርብኝ፤ በዚህ ነገር እጠላዎታለሁ። እግሬን እረሳዋለሁ፣ ብርዱንም እረሳዋለሁ። የእናቴን የተላጨ ራስ ግን ስሞትም፣ በእውነተኛው ሞቴም፣ አልረሳልዎትም። አሁን ወደ ክብርዎ ልመለስ።

፬. ስለ ሕይወት ታሪኬ አመሰግናለሁ። እኔና በፈቃዱ ስንደርስ ከአፓርትመንቱ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ የእድሩ ወንበሮች ተደርድረው፣ ፎቶግራፌ ትልቅ ሆኖ ቆሞ ነበር። ያቺን ፎቶግራፍ ከየት እንዳገኟት አላውቅም፤ የሠርጌ ናት። ባሌን በመቀስ ቆርጣችሁ አውጥታችሁታል፤ እጁ ግን ትከሻዬ ላይ ቀርቷል። እርስዎ ከጎኗ ቆመው «ሰው ወዳድ፣ ብቻዋን መሆን የማትችል፣ ምክር የምትሰማ እህታችን ነበረች» እያሉ ነበር። በሩ ሥር ቆሜ ሳዳምጥ ያቺ ሴት አሳዘነችኝ። በሕይወት ሳለሁ ከአፍዎ አንድ መልካም ቃል ወጥቶልኝ ስለማያውቅ፣ ትንሽ ቆይቼ ብገባ ኖሮ እላለሁ።

፭. በመጨረሻም፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ክራንቼን እያንኳኳሁ ስገባ የጮኸው ጮኸ፣ የወደቀው ወደቀ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ትታ ወጣች። እርስዎ ግን በኩሽናው በኩል ያለውን የአደጋ ጊዜ መውጫ ገፍተው ሲሄዱ የሕንፃው ደወል ጮኸ። ለአደጋ ጥሪ እንዲህ ፈጣን ምላሽ ሲሰጡ ያየሁዎት ያኔ ብቻ ነው።

እናቴ አልጮኸችም። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ የታሰረውን እግሬን ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደ ባዶው ወንበርዎ አይታ «ልጄ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ሞታለች ብለው የነገሩኝ። አንቺ ነሽ ብዬ በምን ልመን? እነሱ ይምጡና ይንገሩኝ» አለችኝ። መጃጀት አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ያወቀችው ይህን ነው፤ ሞት በሽማግሌ ከተነገረ ሽማግሌ ይመልሰዋል እንጂ፣ በክራንች ዘው ብሎ የገባ ሰው አይሽረውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ስደውልላት «ማን ልበል?» ትላለች። ሄጄ ስሰናበታት እጄን ይዛ አትለቅም፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታሻቸዋለች። ከእርስዎ ወገን ግን ማንም አልመጣም። ሞትን ለመንገር የተሰለፈው ሽማግሌ ሁሉ፣ መኖሬን ለመንገር ሲሆን አንዱ ጉልበቱን አመመው፣ አንዱ ሥራ ገባ፣ እርስዎም ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ።

እንግዲህ ወደ እሑዱ ጉባኤ። እግሩ የተሰበረ ሰው ጊዜ ስላለው የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ራስዎ ያረቀቁት ነውና ቋንቋው ያማረ ነው። አባል የሚሰረዘው በሕይወት ሳለ በጉባኤ ፊት ቀርቦ ሐሳቡን ካሰማ በኋላ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የዚያን ቅዳሜ ማታ በተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ በእርስዎ ፊርማና በእድሩ ማኅተም፣ «በድንገተኛ አደጋ ያረፉት እህታችን» ተብያለሁ። ይህ ቃለ ጉባኤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ለምን አይሻርም ብዬ አቶ ሥዩምን ብጠይቀው «ለመሻር እኮ ሊቀመንበሩ ሚስቴክ ነበር ብለው መፈረም አለባቸው። እሳቸው ደግሞ ይፈርማሉ ብለሽ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይፈርሙም።

ስለዚህ እኔ ሟች ነኝ። ሟችን መሰረዝ ደንቡ አይፈቅድም። በዚያ ላይ የሟች አባል ቤተሰብ ሙሉ መብቱ ተጠብቆለት እስከ ዕለተ ሞቱ በአባልነት ይቀጥላል ይላል፤ ይህን አንቀጽ ያስገቡት እርስዎ ነዎት፣ ያን ዕለት አጨብጭበንልዎታል። እንግዲህ እናቴን ከእድሩ ሊያስወጣት የሚችል ኃይል የለም። በገዛ ፊርማዎ ቦታዋን አጽንተውላታል። ካርዷ ትራሷ ሥር ይቆያል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እኔን ለማስወጣት ከፈለጉ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ አስቀድመው ከሞት ያስነሡኝ። አካሄዱ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። የዚያን ዕለት የመጡት ሽማግሌዎች አንድም ሳይጎድሉ፣ ያንኑ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ በማለዳ የእናቴን በር ያንኳኩ። እርስዎ ከፊት ይቁሙ። እናቴ «ማንን?» ብላ ስትጠይቅ፣ ድምፅዎን እንደዚያን ቀን ከፍ አድርገው «ዓለሜ አልሞተችም። በሕይወት አለች። የተሳሳትኩት እኔ ኃይለልዑል ነኝ» ይበሉ። በስልክ አይሆንም፣ በአቶ ሥዩም በኩልም አይሆንም። ከዚያ በኋላ ቃለ ጉባኤው ይሻር፣ ጉባኤው ይቀመጥ፣ ከመካከላችን ማን ይሰረዝ የሚለውንም አባላቱ በአደባባይ ይዩልን።

እስከዚያው እሑድ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ አልቀርም። ነፍስ ይማር የተባለልኝ ሰው እንደመሆኔ አልናገርም፣ እጅም አላወጣም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ክራንቼን አስደግፌ፣ የባሌ እጅ የቀረባትን ፎቶግራፍ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እመለከትዎታለሁ። ንግግርዎን በጀመሩ ቁጥር ሕዝቡ አንዴ እርስዎን አንዴ እኔን ማየቱን አይቀየሙት። ባለፈው ሳምንትም ሎረል ውስጥ አንድ ቤት ለመርዶ ሄዳችሁ፣ የቤቱ ጌታ «ቆዩ፣ እስቲ መጀመሪያ እሱኑ ኮል እናድርግለት» ብሎ ከበር እንዳቆማችሁ ሰምቻለሁ። ያኛው ሰው እውነት ሞቶ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ቢሆንም አልዋሽዎትም፣ ይህን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከእንግዲህ በሄዱበት ሐዘን ቤት ሁሉ ከልቅሶው በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይቀበልዎታል፤ ይህ የእኔ ስጦታ ነው፣ ዕድሜ ልክዎን ይጠቀሙበት።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ሟች ይቅርታ ሲጠይቅ ታይቶ ስለማያውቅ ሥርዓት ላፋልስ አልደፍርም።

ጤናዎን፣ ረጅም ዕድሜዎንና ሊቀመንበርነትዎን ከደጅ ሆኜ እየተመኘሁ፣ ለደግነትዎ ተመጣጣኝ ምላሽ እስካገኝ እንቅልፍ የማልተኛ፣

በቃለ ጉባኤ ሟች፣ በተግባር የአውቶቡስ ነጂ፣
የዓለምዘርፍ ገብረየስ

ግልባጭ፦
– በሮክቪል፣ በሎረልና በአናንዴል ለሚገኙ የእድሩ አባላት በሙሉ፣
– ለአቶ ሥዩም፣ ለመዝገብ ቤት፤ «ከሟች የተላከ» በሚል እንዲመዘገብ፣
– ለሼናንዶዋዋ ሬንጀር፤ ማንበብ ባትችልም ለማመስገን ያህል።

ሳልጽፈው የቀረ፦ ሐኪሜ ከፈቀደልኝ በጸደይ ወደ ተራራዬ እመለሳለሁ፤ ብቻዬን። ከመሣሪያዬ ላይ የእርስዎን ስልክ አጥፍቼ የእናቴን አስገብቻለሁ። እንግሊዝኛ እንደማትችል ያውቃሉ፤ ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠናኋት። ማታ ማታ ልጠይቃት ስሄድ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ከጎኔ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትለማመዳለች፦ «የስ። ማይ ዶተር ኢዝ ኦን ዘ ማውንቴን። ፕሊስ ጎ።» አንዲት ቃል ሳትስት ነው የምትለው። «ሺ ኢዝ ፋይን» የሚለውን አላስተማርኳትም።